መፍታት ከመስፋት ይቀድማል

እንጅባራ ላይ ወንበር የሚሰፋ ባለሙያ ዛሬ እንጀራው ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክልና ሚኒባስ ነው። የባጃጅ ወንበር ጠዋት ገብቶ ማታ ይወጣል፤ ልኩን እጅ ለምዶታል፣ ስፖንጁ ገበያ ላይ አለ፣ ልብሱም ከጥቅሉ ተቆርጦ ይሰፋል። አልፎ አልፎ ግን በዚህ ልማድ የማይስተናገድ አሮጌ መኪና ይመጣል። ያን ጊዜ ባለሙያውም ባለንብረቱም የሚያድሱት ምኑን እንደሆነ አስቀድመው መስማማት አለባቸው። የሚከተለው ምልልስ የቆመው በዚህ ላይ ነው። አዛውንቱ ወንበር ሰፊም ከዳንግላ ቮልስዋገን ነድታ የመጣችው ወጣትም የጸሐፊው ፈጠራ ናቸው፤ ስለ መኪናዋና ስለ ሙያው የሚነጋገሩት ግን በእውነት ያለውን ነው።

ባለመኪናዋ፦ እንደምን ዋሉ ጋሼ? ከዳንግላ ነው የመጣሁት። የዚህችን ቮልስ ወንበር ከፊት እስከ ኋላ እንዲያለብሱልኝ ፈልጌ ነው። ቀይ ሌዘር፣ ወፍራም ስፖንጅ፣ ስፌቱ ላይ ነጭ ክር። ፎቶውን በስልኬ ይዤዋለሁ።

ሰፊው፦ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንቺስ ደህና ነሽ ልጄ? በይ መጀመሪያ አረፍ በይ። በዚህ ወንበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል መጥተሽ ወገብሽ ደህና ከሆነ ወጣትነት ነው። ፎቶሽን በኋላ አየዋለሁ። የማን መኪና ናት?

ባለመኪናዋ፦ የአባቴ ነበረች። መምህር ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ «ሽጫት» ሲል እኔ እምቢ ብዬ ያዝኳት።

ሰፊው፦ ነፍስ ይማር። የየት ዓመት ሥሪት ናት?

ባለመኪናዋ፦ እሱን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ሊብሬው ላይ ያለው ጽሑፍ ደብዝዟል።

ሰፊው፦ እንግዲያው ራሷን እንጠይቃት። የኋላውን መቀመጫ ከፊት በኩል ይዘሽ ወደ ላይ አንሺው። አዎ፣ እንዲያ። አሁን መካከል ላይ ጉብ ብሎ የሚያልፈውን ብረት በጨርቅ ጥረጊው። የተመታ ቁጥር ታገኛለሽ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አንብቢልኝ።

ባለመኪናዋ፦ አንድ፣ አንድ፣ ስድስት። ከዚያ ወዲያ ይቀጥላል።

ሰፊው፦ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1965 ሥሪት ጀምሮ ፋብሪካው ቁጥሩን የሚመታው በዚህ መልክ ነው። ሁለቱ አንዶች ዓይነቷን ይናገራሉ፣ ሦስተኛው ዓመቷን። የ1966 ሥሪት ናት ማለት ነው። የወንበር ሰፊ ሥራ እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል። ዓመቷን ሳላውቅ ምን እንደለበሰች አላውቅም፤ ምን እንደለበሰች ሳላውቅ ደግሞ ምን ላልብሳት?

ባለመኪናዋ፦ እኔ የምፈልገውን ያልብሷታ! ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ግን የምቀመጥባት መኪና ናት እንጂ ሙዚየም አይደለችም።

ሰፊው፦ ልክ ነሽ፣ የምትቀመጪባት ነች። ስለዚህ ከመልክ በፊት ነፍስሽን እናስቀድም። እዚያው ቀኝ በኩል ያለውን ባትሪ አየሽው? ይህች መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ባለ 6 ቮልት ነበረች። ይህ ባለ 12 ነው፤ ቁመቱም ረዘም ይላል። አሁን ደግሞ የያዝሽውን መቀመጫ ገልብጠሽ ሥሩን እዪ።

ባለመኪናዋ፦ ባዶ ስፕሪንግ ነው።

ሰፊው፦ ከባድ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ፣ ወይ መኪናዋ ጉድጓድ ስትመታ፣ ያ ስፕሪንግ ወርዶ የባትሪውን ሁለት ጫፍ ቢያገናኝ ብረቱ ባንድ አፍታ ፍም ይሆናል። ከስፕሪንጉ በላይ ያለው ደግሞ ደረቅ ጆንያና ቃጫ ነው። ቮልስ ያለበት አገር ሁሉ ይህን እሳት ያውቀዋል። ፋብሪካው ለባትሪው ክዳን የሠራለትም ለዚሁ ነው።

ባለመኪናዋ፦ ክዳን የሚባል ነገር አይቼበት አላውቅም።

ሰፊው፦ ባትሪ ሲቀየር አንዱ ጋራዥ ወርውሮት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ያንቺ የመጀመሪያ ሥራ ልብስ አይደለም። ለባትሪው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ጠንካራ ክዳን ይሠራለታል፤ ከመቀመጫው ሥር፣ በባትሪው አንጻር፣ ወፍራም ላስቲክ ከስፕሪንጉ ጋር ይታሰራል። ይህን ሳያደርግ ቀይ ሌዘር የሚያለብስሽ ሰው አምሮ የሚቃጠል ወንበር ነው የሚሰጥሽ።

ባለመኪናዋ፦ እሺ፣ ይህንን ተቀብያለሁ። ከዚያ በኋላ ግን የድሮውን ገለባ ሁሉ ጥለን በስፖንጅ እንተካው።

ሰፊው፦ ገለባ ነው ያልሽው? ነይ የሾፌሩን ወንበር ላሳይሽ። ጠርዙን ልብ ብለሽ እዪ። በብረቱ ዙሪያ ትንንሽ ጥርሶች አሉ፤ ልብሱ የተወጠረው በእነሱ ላይ ተሰክቶ ነው። ምስማር የለም፣ ማስቲሽም የለም። ጥርሱን በፒንሳ አንድ ባንድ ቀና እያደረግሁ ልብሱን አላቅቀዋለሁ። በምላጭ ብሸረክተው ሥራው በግማሽ ሰዓት ያልቅልኝ ነበር፤ ግን ዳግም የምሰካው ጠርዝ አይተርፈኝም። በይ፣ አንዱ ጎን ተላቀቀ። ከላይ ወደ ታች ቁጠሪልኝ።

ባለመኪናዋ፦ ከላይ ልብሱ፤ ፕላስቲክ ነው። ከሥሩ ቢጫ የሆነ ስስ ጥጥ። ከዚያ ይኼ ገለባ የመሰለው። ከዚያ ጆንያ፤ መጨረሻ ስፕሪንግ።

ሰፊው፦ ገለባ የመሰለሽ የኮኮናት ቃጫና የእንስሳ ፀጉር በጎማ ወተት ተይዞ፣ በቅርጽ ማውጫ ተጭኖ የተሠራ ነው። የድሮ ቮልስ ውስጥ ስትገቢ የሚቀበልሽ ሽታ ከዚሁ ይመጣል። አየር ያስተላልፋል። ውሃ ቢገባበት ይደርቃል። ስፖንጅ ግን ውሃ ይዞ ይቀመጣል። የእንጅባራን ክረምት ታውቂዋለሽ፤ የቮልስ የበርና የመስታወት ጎማ ካረጀ ውሃ ያስገባል። እርጥብ ስፖንጅ ክረምቱን ሙሉ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ከከረመ ወንበሩም ወለሉም በዝገት ይበላሉ። የቮልስ ወለል ደግሞ ሲበሰብስ መድኃኒቱ ብየዳ ነው።

ባለመኪናዋ፦ ምቾቱስ? ስፖንጅ ይለሰልሳል።

ሰፊው፦ ልስላሴና ምቾት አንድ አይደሉም። የእኔ አባት ኮርቻ ሠሪ ነበር፤ እዚሁ ባንጃ። የአገራችን ኮርቻ እንጨት ነው፤ ጥሬ ቆዳ ተወጥሮበት፣ በጠፍር ታስሮ። ያልለመደ ሰው ሲያየው «ይህ ፈረሱን አይጎዳም?» ይላል። የሚጎዳው ለስላሳው ነው። እንጨቱ ክብደቱን ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ለሁለቱ ጎን ያካፍለዋል፤ መካከሉ ክፍት ነው። ጨርቅ ብቻ ከሆነ ግን ሰውየው የፈረሱ ጀርባ አጥንት ላይ ይሰምጣል። ወንበርም ይኸው ነው። ወፍራም ልል ስፖንጅ ስትቀመጪበት ይሰምጥና ከሥሩ ያለው ብረት ወገብሽን ያገኘዋል። ጠንካራውን ካደረግሁልሽ ደግሞ ከፍታሽ ይጨምራል፤ የቮልስ መሪና ፔዳል ግን የተለኩት ለድሮው ከፍታ ነው። ጉልበትሽ መሪውን ይነካል።

ባለመኪናዋ፦ ኮርቻ ሠሪ ነበሩ አባትዎ? ታዲያ የጥር 23ቱ ፈረስ ጉግስ ላይ የእሳቸው እጅ ነበረበታ!

ሰፊው፦ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች እያሰበ በየዓመቱ ይወጣል። ያን ቀን ሁሉም ስለ ፈረሱ ያወራል፣ ስለ ፈረሰኛው ያወራል፤ ሰውዬው የተቀመጠበትን ማን እንደሠራው ግን የሚጠይቅ አልነበረም። ቆዳ የሚነካ እጅ ይናቅ ነበር ልጄ። ልጅ የተማረው ከአባቱ ጎን ተቀምጦ አይቶ ነው፤ አባት ሲሞት ያልታየው አብሮት ይቀበራል። ሙያው አልተጻፈም። አሮጌ ሥራ ሲመጣልኝ ቀስ ብዬ የምፈታውም ስለዚህ ነው። የሞተ ባለሙያ የሚያስተምረኝ ሥራው ሲፈታ ብቻ ነው። ያንቺን ወንበር የሰፋውን ጀርመናዊ አላውቀውም፤ ስፌቱን ስፈታ ግን የት እንደጀመረ፣ የት እንዳጠፈ፣ የት ላይ ደርቦ እንደመለሰ አየዋለሁ።

ባለመኪናዋ፦ ይህ ሁሉ ለንጉሥ መኪና ይገባ ይሆናል። ብሔራዊ ቤተ መንግሥት በ2017 ዓ.ም. ለጎብኚ ሲከፈት የአፄ ኃይለ ሥላሴ መኪኖች በሰልፍ ተደርድረው ታይተዋል። ሮልስ ሮይስ ቢሆን እኔም እንዳለ ይቀመጥ እላለሁ። ይህች ግን ቮልስ ናት! ዓለም ላይ 21 ሚሊዮን ተኩል ያህል ተሠርታለች። በ1964 ዓ.ም. የፎርድን ሞዴል ቲ ቁጥር አልፋለች፤ ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ የመጨረሻዋ የወጣችው በሐምሌ 1995 ነው። ይህን ያህል የተሠራ መኪና ምኑ ብርቅ ነው?

ሰፊው፦ ብርቅነት በተሠራው ብዛት አይለካም፤ መለዋወጫው ካለበት ርቀት ነው የሚለካው። አሜሪካ ያለ ሰው የመኪናውን ዓመት ነግሮ ተሰፍቶ ያለቀለት የወንበር ልብስ ያዛል፤ በፖስታ ይመጣለታል። ለእሱ ቮልስ ብርቅ አይደለችም። አንቺ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ስትመጪ ስንት ቮልስ አለፈሽ?

ባለመኪናዋ፦ አንድም።

ሰፊው፦ እኮ! ኤፍኤስአር፣ ዶልፊን፣ ባጃጅ ነው ያለፈሽ። የባጃጅ ወንበር ቢበላሽብኝ በሩ ላይ ከቆመው ባጃጅ ልክ እወስዳለሁ። ያንቺ ቢበላሽብኝ ልክ የምወስድበት የለኝም። ስለ ንጉሡ ካነሳሽ ደግሞ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት ሲወጡ በሮልስ ሮይስ አልነበረም።

ባለመኪናዋ፦ አዎ፣ በቮልስዋገን ነው የወሰዷቸው፤ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር።

ሰፊው፦ በቮልስ የኋላ ወንበር። ይህች መኪና ሁለት በር ብቻ ናት፤ ከኋላ ለመቀመጥ የፊተኛው ወንበር ጀርባ ታጥፎ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ያን ሁሉ ዓመት በር ሲከፈትላቸው የኖሩ ንጉሥ ጎንበስ ብለው ገቡ። ደርግ መልእክት ማስተላለፍ የፈለገው በአዋጅ ብቻ አይደለም፤ በወንበርም ነው። አሁን ልጠይቅሽ። ያቺ መኪና እጅሽ ብትገባ የኋላ ወንበሯን ቀይ ሌዘር ታለብሺዋለሽ?

ባለመኪናዋ፦ በጭራሽ! እንኳን ላለብስ አቧራውንም አላራግፍም። ግን ያ ሌላ ነው፣ ጋሼ። እሱ የአገር ማስረጃ ነው፤ ይነካ ማለት አይገባም። የእኔ አባት መምህር ነበር፤ ወንበሩ ተቀዷል፤ እኔ በየቀኑ እነዳለሁ። ሁለቱን አንድ ካደረጉብኝ አልስማማም።

ሰፊው፦ እዚህ ላይ አሸነፍሽኝ። አንድ አይደሉም። የዚያችን ወንበር መንካት ነውር ነው፤ ያንቺን አለመንካት ደግሞ ነውር ነው፣ ምክንያቱም ተቀምጠሽበት ትሄጃለሽ። ሆኖም የምትነጂው መኪናም የራሱ ማስረጃ አለው። የሾፌሩን ወንበር ግራ ጠርዝ እዪ፣ ወደ በሩ ያለውን። ጨርሶ ተኝቷል። ሾፌር ሲወጣ ሁልጊዜ የሚንሸራተተው በዚያ ነው። የተሳፋሪው ወንበር ግን ጉዳት ሊባል የሚችል ነገር የለበትም። ይህ ለእኔ ወሬ አይደለም፤ የልክ ጉዳይ ነው። የሾፌሩን ልብስ ፈትቼ ልክ ብወስድ የተለጠጠ ልክ ነው የምወስደው፤ አዲሱ ልብስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሸበሸባል። ስለዚህ የተሳፋሪውን ፈትቼ፣ ወረቀት ላይ አስፍሬ፣ ወረቀቱን ገልብጬ ለሾፌሩ እቆርጣለሁ።

ባለመኪናዋ፦ ሲፈቱት ምኑን ነው የሚመዘግቡት?

ሰፊው፦ ከመፍታቴ በፊት አንቺ በስልክሽ ፎቶ ታነሺልኛለሽ፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከሥር። ከዚያ እያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባው ላይ በጠመኔ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ወደ ላይ የቱ፣ ወደ ፊት የቱ እንደሆነ ቀስት ይደረግበታል። ሁለት ቁራጭ የሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ ስፌቱ ሳይፈታ፣ በሁለቱም ላይ አቋርጬ መስመር አሰምራለሁ፤ ኋላ ስሰፋ መስመሩ ከመስመሩ ይገጥማል። ያ ምልክት ከሌለ ቁራጩ በትክክል ተቆርጦ እንኳ ሲሰፋ ይጣመማል። ከዚያ ነው ክሩን በስለት ጫፍ እየበጠስኩ የምፈታው። ልብሱን አልቆርጥም። ጠርዙ ላይ የሚዞረውን ክብ ጥቅልል አየሽው? ውስጡ ሲባጎ ነው። የሲባጎው ውፍረት እንኳ ይለካል፤ ቀጭን ባስገባበት ጠርዙ ይከሳል።

ባለመኪናዋ፦ ስፕሪንጉስ? እዚህ ጋ ተሰብሯል።

ሰፊው፦ ብዙ ሰው ወደ ብየዳ ይሮጣል። ስፕሪንግ ግን የተበየደበት ቦታ ሲግል ጥንካሬውን ያጣል፤ ከብየዳው ጎን ደግሞ ይሰበራል። ከሌላ አሮጌ ወንበር ውፍረቱ የሚመሳሰል ሽቦ ፈልጌ በማሰሪያ እደርበዋለሁ። ብረቱን በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ አንቲረስት እቀባዋለሁ። ከላዩ ጆንያ፤ እውነተኛው የቃጫ ጆንያ፣ ቡና የሚጫንበት ዓይነት። ዛሬ ሁሉም የማዳበሪያ ከረጢት ይጠቀማል፤ ፕላስቲኩ በስፕሪንጉ ላይ እየተፋተገ ሲጮህ ይኖራል፤ ቆይቶም ይቆረጣል። የቃጫው ፍራሽ የተበላው ጠርዙ ላይ ብቻ ስለሆነ ጠርዙን በቃጫና በፈረስ ጭራ ሞልቼ እሰፋዋለሁ። አዊ ውስጥ ሆነን የፈረስ ጭራ አጣን አንልም።

ባለመኪናዋ፦ እሺ ውስጡን ተስማምተናል። ልብሱን ግን ልከራከርዎት። የኢትዮጵያ ቆዳ በዓለም የታወቀ ነው፤ ለምን ፕላስቲክ? ቆዳ ባለበት አገር ፕላስቲክ ማልበስ ያሳፍራል።

ሰፊው፦ ቆዳችን የታወቀው በጓንት ነው። የደጋ በጎቻችን ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው፤ ጣትን ይከተላል። ለወንበር የሚሆነው ግን የከብት ቆዳ ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ፣ በፋብሪካ በደንብ የለፋ፣ ዳር እስከ ዳር ውፍረቱ እኩል የሆነ። የበግ ቆዳ ላይ በየቀኑ ብትንሸራተቺበት ይቀደዳል። በቤት የለፋ ቆዳ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ይለጠጣል፣ ይሸታል። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ ይህች መኪና ቆዳ ለብሳ አታውቅም። ተራ ሰው በደመወዙ እንዲገዛት የተሠራች ናት፤ በውሃ የሚጠረግ ልብስ ነው የተሰጣት። ቅርጹን እዪው፤ እንደ ሰፌድ የተጎነጎነ የሚመስል ነው። ያ ጉንጉን ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም፤ በፀሐይ ቀን ከልብስሽ ጋር እንዳይጣበቅ ትንሽ አየር ያሳልፋል።

ባለመኪናዋ፦ ቡናማነቱ ግን አያምርም።

ሰፊው፦ ማን ቡናማ ነው አለሽ? ጥርሱ ውስጥ ተሰክቶ የነበረውን ጠርዝ ገልብጪው። ፀሐይ ያላገኘው እሱ ነው።

ባለመኪናዋ፦ ግራጫ! ነጣ ያለ ግራጫ። አባቴ ሁልጊዜ «ነጭ ወንበር ነበራት» ሲል ተረት ይመስለኝ ነበር።

ሰፊው፦ በምላጭ ሸርክቼው ቢሆን ይህ ጠርዝ ቆሻሻ ውስጥ ነበር፤ የወንበሯን ቀለም ሳታውቂ ትኖሪ ነበር። እንግዲህ የማቀርብልሽ ይህን ነው። መደበኛውን ልብስ በዚህ ግራጫ፣ በዚሁ ልክ እሰፋለሁ። ቀዩን የምትወጂው ከሆነ ደግሞ ከላይ የሚጠለቅ፣ በፈለግሽ ጊዜ የሚወልቅ ሽፋን እሠራልሻለሁ። ለሥራ ስትሄጂ ቀዩን አልብሻት፤ ለበዓል አውልቂላት። የማይመለስ ነገር አልሠራንም ማለት ነው። አንድ ቀን ልጅሽ ሐሳቡን ቢቀይር መመለሻ መንገድ አለው።

ባለመኪናዋ፦ ይኼ ይሻላል። ግን እኔም የማልተወው አለኝ። መኪናዋ የራስ መደገፊያ የላትም፤ ቀበቶዋም አይታመንም። «እንደ ጥንቱ ይሁን» ብለው በጥንቱ አደጋ እንዳያስቀምጡኝ።

ሰፊው፦ ይህን ማንሳትሽ ደግ አደረግሽ። ቀበቶ ይገባል፤ ሆኖም ከወንበሩ ብረት ጋር እንዳይታሰር። የዚህ ወንበር ብረት ሰው ለመሸከም ነው እንጂ በግጭት ሰው ለመያዝ አልተሠራም። ከመኪናው አካል ጋር ነው የሚታሰረው፤ ያ የእኔ ሥራ ስላልሆነ ብረቱን ወደሚያውቅ ጋራዥ ትወስጃታለሽ። የራስ መደገፊያም እንዲሁ ነው፤ ስፖንጅ ጠቅልዬ ጀርባው ላይ ብሰፋልሽ ጌጥ እንጂ መከላከያ አይሆንም። ብረት ያለው ከሆነ ይገባል፣ ካልሆነ ልዋሽሽ አልችልም።

ባለመኪናዋ፦ ክሩስ? የወንበሩ ልብስ የተቀደደው ስፌቱ ላይ ነው።

ሰፊው፦ የጥጥ ክር ስለሆነ በስብሷል። እኔ በፖሊስተር እሰፋዋለሁ፤ እርጥበትና ፀሐይ ይችላል። ዋናው ግን የስፌቱ ርቀት ነው። ልብስ ሰፊ የለመደው ጠቅ ጠቅ አድርጎ ማጠጋጋት ነው፤ በሸሚዝ ላይ ያምራል። በዚህ ላይ መርፌው ቀዳዳውን ካጠጋጋ እንደ ቴምብር ጠርዝ መስመሩን ይዞ ይቀደዳል። ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ስወጥረው ደግሞ አስቀድሜ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፤ ሞቅ ሲል ይለሰልሳል፣ ጥርሱ ላይ ተሰክቶ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይወጠራል። ስለዚህ በሐምሌ አምጥተሽልኝ ቢሆን እመልስሽ ነበር።

ባለመኪናዋ፦ ዘመዶቼ «ሸጠሽ አዲስ ግዢ» ይሉኛል እኮ። ይህን ሁሉ ልፋት ሲሰሙ ይስቁብኛል።

ሰፊው፦ በምን ገንዘብ ነው አዲስ የሚገዛው? ከ2012ቱ የኤክሳይስ አዋጅ ወዲህ አሮጌ መኪና ከውጭ ለሚያስገባ ታክሱ እስከ 500 በመቶ ደርሷል። በ2016 ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። ክልከላው ትክክል ነው አይደለም የእኔ ክርክር አይደለም። እኔ የማውቀው ሌላ ቮልስ በጂቡቲ በኩል እንደማይመጣ ነው። ያሉት ያሉት ናቸው። ከእነዚህ አንዷ ወንበሯን ባጣች ቁጥር ከቀሩት አንዷ ልክ መስጫ ትሆናለች። ያንቺ ወረቀት ላይ ከሰፈረ፣ ነገ ከባሕር ዳር ወይ ከደብረ ማርቆስ የተቀደደ ቮልስ ይዞ ለሚመጣ ሰው መልስ አለኝ ማለት ነው።

ባለመኪናዋ፦ ልኩን ወረቀት ለሌላ ሰፊ ይሰጣሉ? ብዙ ባለሙያ ይደብቃል።

ሰፊው፦ አባቴ ደብቆ ነበር። ይዞት ሞተ። እኔ ሁለት ቅጂ አወጣለሁ፤ አንዱ ግድግዳዬ ላይ ይሰቀላል፣ አንዱ ካንቺ ጋር ይሄዳል። እኔ ዘንድ ቢቃጠል አንቺ ዘንድ አለ።

ባለመኪናዋ፦ ጥሩ። አሁን ዋጋውን ይንገሩኝ።

ሰፊው፦ አልነግርሽም።

ባለመኪናዋ፦ እንዴት?

ሰፊው፦ ገና አንድ ጎን ነው የፈታሁት። ከሥሩ ስንት ስፕሪንግ እንደተሰበረ፣ ብረቱ ምን ያህል እንደተበላ አላየሁም። ሳይፈታ ዋጋ የሚቆርጥልሽ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ አብዝቶ ያስከፍልሻል፣ ወይ ዋጋው ሲያንስበት ከሥሩ ይሰርቅሻል። ስፖንጁ ከላይ ስለሚሸፍነው አታይውም። የመፍቻውን ሂሳብ ለይተሽ ክፈይኝ። ፈትቼ ሁሉንም ዘርግቼ ላሳይሽ፤ የሚጠገነውን፣ የሚተካውን አብረን እንወስን፤ ከዚያ ዋጋ እንነጋገር። ካልተስማማን ቁራጮቹን በቁጥራቸው ሰብስበሽ ወደ ሌላ ሰው ትወስጃለሽ።

ባለመኪናዋ፦ አሮጌውስ ልብስ? ሥራው ሲያልቅ ምን ያደርጉታል?

ሰፊው፦ ያንቺ ነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ ይመለስልሻል፤ የተበላው ጥጥ ሳይቀር በፌስታል። ይህን ለሌላውም ንገሪ። አሮጌ መኪና ይዞ ወንበር ሰፊ ጋ የሚሄድ ሰው፣ እኔም ልሁን ሌላ፣ ቀለም ከመምረጡ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ «ስትፈታው ልኩን ወረቀት ላይ ታሰፍርልኛለህ? አሮጌውን ትመልስልኛለህ?» አንዱን እንኳ «አይሆንም» ካለው መኪናውን አስነስቶ ይሂድ።